የኑግ አጥር

ጣሊያን ከቡሬ ለቆ የሄደ ዓመት ሰዉ የእስር ሰፈሩን ሽቦ እየነቀለ ለየጓሮው ወሰደው። ሰፈሩ የተሠራው በአባቴ ማሳ ላይ ነበር፤ እኔም የታሰርኩት እዚያው ነው። ክረምት ሲገባ ወንድሜ ላቀው መሬቱን አርሶ፣ ምንም እንዳልነበረ ጤፍ ሊዘራበት ተነሳ። ደሜ ፈላ።

"ጤፉን ዝራ! ግን ሽቦው በነበረበት ሁሉ ኑግ ዝራልኝ። ሲያብብ አይቶ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የሆነውን እነግረዋለሁ።"

ከብት ኑግ ስለማይወድ ጤፍን በኑግ መክበብ ያገራችን ልማድ ነውና ላቀው ደስ ብሎት ዘራ።

ጥቅምት ላይ አብረውኝ የታሰሩትን ጠርቼ፣ ጠላ አስይዤ ወደ ማሳው ወረድን። ኑጉ ቢጫ ሆኖ አብቧል። ዙሪያውን ብንዞር መግቢያ የለውም።

"አንተ! በሩን ዘጋህብን እኮ!" ብዬ አብሮን በወረደው ላቀው ላይ ጮህኩበት።

"እታለም፣ ከብት እንዳይገባ ብዬ ነው።"

ከእኛ ጋር የታሰሩት ሽማግሌ፣ አባ ክንዱ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ልጄ፣ ጣሊያን እንኳ በር ነበረው!" አሉት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ በሩ በነበረበት ቦታ ኑጉን መንቀል ጀመሩ። ሁላችንም ተረባረብን። በከፈትነው በር እልል እያልን ገባን፤ እየጨፈርን ወጣን፤ ደግመን ገባን።

"ኧረ ይበቃል፣ በጣም ሰፋ! ከብት ይገባል!" አለ ላቀው።

"ይግባ!" አልኩት። "ሲሻው ይወጣል።"