የ«ጋቢው እስኪያልቅ» ባለቤት

ታኅሣሥ ሲጋመስ በክንዱ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። ክንዱ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያው አጠገብ ዋይፋይ ያከፋፍላል፤ ከኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት አንድ መስመር ገዝቶ ለሰፈሩ ይቸረችራል። መልእክቱ የመጣው ከዚያው ድርጅት ነው። በእርስዎ መስመር የሚጠቀሙ አንዲት ደንበኛ «ጋቢው እስኪያልቅ» የተሰኘውን ዘፈን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እያሰራጩ ስለሆነ አገልግሎቱን ያቋርጡባቸው፣ ይህ ካልሆነ የእርስዎም መስመር ይዘጋል ይላል። ከሥሩ የደንበኛዋ ስም ተጽፏል፤ እመቤት።

ክንዱ መልእክቱን ዳግመኛ አነበበው። «ጋቢው እስኪያልቅ»ን የገጠመችው እመቤት ናት። ዜማ ያወጣችለትም፣ የዘፈነችውም እሷ ናት።

ክንዱ ራሱ ለዘፈን ስርቆት እንግዳ አይደለም። ዋይፋይ ሳይገባ በፊት ሱቁ ላይ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ሰሌዳ ነበረው። የገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሁሉ ሚሞሪውን ያቀብለዋል፤ እሱም ይሞላለታል። ሰረቀልኝ ያለ ሰው የለም። እህል በአህያ እንደሚጫን «ጫነልኝ» ነበር የሚሉት። በኋላ ድርጅቱ መስመር ሲሸጥለት ደብረ ታቦር ወስዶ አሠለጠነው። «ዘፈኑ የሚያልፈው በእኛ ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ ቧንቧውን እኛ እንጠብቃለን፣ አፉን እናንተ ጠብቁ» አሉት። ምሳም አበሉት። ክንዱ ከተማው እንደገባ ሰሌዳውን ቀለም ቀባበት። ከጫኝነት ወደ ጥበቃነት ያደገው እንዲህ ነው።

ወደ እመቤት ቤት ሄደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የማይክሮፎን ገመድ በፕላስተር እየጠቀለለች ነበር።

«እትዬ እመቤት፣ ዘፈን ሰርቀሻል ተብሏል።»

«የማንን?»

«የራስሽን።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በቴሌግራም።»

እመቤት ፕላስተሩን በጥርሷ ቆረጠች። «ታዲያ በምን ልላከው? በአህያ?»

ዘፈኑን ለጠየቃት ሁሉ መላኳን አልካደችም። ሠርግ ያለው ሰው ዘፋኝ የሚመርጠው በዚህ ወቅት ነው፤ ጥምቀት ካለፈ የሚመርጥ የለም። ሰውም ሳይሰማ አይጠራም። ነፋስ መውጫ ያለ ከፍያለው የሚባል ነጋዴ ልጁን ሊድር ነው፤ «አማቾቹ ይስሙትና ቀኑን እንቆርጣለን። እስከ ገና ካልላክሽልን የደብረ ታቦሩን ዘፋኝ እንጠራለን» ብሏታል። ከከፍያለው ኋላ ደግሞ እሱን አይተው የሚወስኑ ሌሎች አሉ። ዘፈኑ ዛሬ ከተዘጋ የዘንድሮው ጥር ለእመቤት ባዶውን ይሄዳል።

«ደውልልኝ ለነዚህ ሰዎች» አለች።

ክንዱ ደወለና ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገው። አንዲት ልጅ በለስላሳ ድምፅ አነሳች። ነገሩን ሰማች። ጠብቁ አለች። ሙዚቃ አስጠበቃቸው። ተመለሰች።

«ከሙዚቃ ድርጅቱ እንደተገለጸልን የዘፈኑ ባለቤት አቶ ሞላ አለሙ ናቸው።»

«ሞላማ ባለቤቴ ነው!» አለች እመቤት።

«አዎ። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው።»

«የኔ ባለቤት እንጂ የዘፈኑ አይደለም!»

«የሁለታችሁም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሕጉ አይከለክልም።»

«ልጄ፣ ዘፋኟ እኔ ነኝ።»

«ድምፃዊቷ እርስዎ መሆንዎ ተመዝግቧል። ድምፁ የእርስዎ ነው፤ ዘፈኑ የእሳቸው ነው። እሳቸው ከፈቀዱ በደስታ እንከፍታለን። ካልፈቀዱ እንዳይሰረቅባቸው የመጠበቅ ኃላፊነት አለብን።»

«ከኔ?»

«ከማንኛውም ሰው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እመቤት ነገሩ ትዝ አላት። አምና ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ድርጅት ደውሎላት ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። ስም ጠየቋት፣ ነገረች። ቀበሌ ጠየቋት፣ ነገረች። ከዚያ «ባለቤት?» አሏት። ከፊቱ ሌላ ቃል ኖሮት እንደሆነ አልሰማችም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ባለቤት?» ይሏታል። ልጅ ስታስመዘግብ «ባለቤት?» ይሏታል። ቁጠባ ማኅበሩም ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የመለሰችውን መለሰች፦ «ሞላ አለሙ።»

«በሕይወት አሉ?» አሏት።

«አሁን በሬ ሊያጠጣ ሄዷል፤ እስኪወጣ ድረስ ነበር» አለች።

የሞላን ስልክ ቁጥርም ሰጠቻቸው።

ክንዱ መሳቅ ፈልጎ መስመሩ ትዝ አለው። «ባይሆን ሌላ ባል ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው። ዘፈኑ የሚሰድበው ሞላን ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

በሬው ቆሞ ነጋ ቀንበሩን ሲጠብቅ፣
ባለቤቴ ተኝቷል ጋቢው እስኪያልቅ።

ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ ሞላ ገበያ ሲወጣ «ጋቢህ አላለቀም?» የማይለው አልነበረም። ወፍጮ ቤት ይሉታል። ባጃጅ ውስጥ ይሉታል። ግማሹ ከተማ የጥሪ ማሳመሪያ ስላደረገው ለሰው በደወለ ቁጥር ሰውየው እስኪያነሳ ድረስ የሚሰማው የራሱን ስድብ ነው። መኸሩን እንደሰበሰበ ወገዳ ያለች እህቱ ላቀች ዘንድ ሄደ። አኩርፎ እንደሆነ አልተናገረም። «ላቀችን ልጠይቅ» ብሎ ወጣ፤ እስካሁን እየጠየቃት ነው።

ወገዳ ሳለ ነው ከሙዚቃ ድርጅቱ መልእክት የደረሰው፦ «ዘፈንዎ ያለ ፈቃድዎ እየተሰራጨ ነው። እንዲቆም ከፈለጉ 1 ብለው ይላኩ።» ሞላ ይህ ዘፈን የሚቆምበትን መንገድ ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሯል። እንዲህ ቀላል መሆኑን አልጠረጠረም። አንድ ብሎ ላከ። ባይደርስስ ብሎ ደገመው።

«ሽማግሌ እልክበታለሁ» አለች እመቤት።

«ለዘፈን?»

«ለባልም ለዘፈንም። አንድ ሰው አይደሉ?»

ሽማግሌው መሪጌታ አዲስዓለም ሆኑ። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ እመቤትንና ሞላን ሲጋቡም የመረቁ ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው ለመሄድ አላንገራገሩም፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀደሙ።

«እኔ የማስታርቀው ባልና ሚስት ነው። ዘፈኑን አላውቀውም፣ አልሰማሁትምም። ይህ ይታወቅልኝ።»

«ይታወቃል፣ መሪጌታ» አለች እመቤት።

ክንዱም መስመሩን ሊያድን ተከተለ። ወገዳ ሲደርሱ መንገዱ ሦስቱንም አንድ ዓይነት መልክ ሰጥቷቸው ነበር፤ አቧራ።

ላቀች ጠላ ቀዳች። ሞላ ጥግ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀምጧል፤ እንግዶቹ ጋቢውን እያዩበት መሰለውና አውልቆ ከኋላው አደረገው። መሪጌታ ሰላምታውን፣ አዝመራውን፣ የመንገዱን ነገር አዳርሰው ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ሞላ፣ እንግዲህ ዘፈኑ ያንተ ሆኗል አሉ።»

«አዎ፣ መሪጌታ። እኔም የሰማሁት በስልክ ነው።»

«ታዲያ ለሚስትህ ፍቀድላት።»

«እሷ እኔን አስፈቅዳ ነው የሰደበችኝ?» ሞላ ወደ እመቤት አላየም። «መሪጌታ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እኔ የተኛሁት አንድ ጠዋት ነው። አንድ! እሷ ግን እስከ ዕለተ ምጽአት አስተኛችኝ። የማላውቀው ሰው፣ ወገዳ ድረስ መጥቼ፣ ‹ደግሞ ነቃህ?› ይለኛል።»

ላቀች ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፈነችው።

«ምን ይሁንልህ?» አሉ መሪጌታ።

«‹አንድ ጠዋት› የሚል ይግባበት። እውነቱ እሱ ነው። ያ ከገባ እፈቅዳለሁ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተራ በተራ ወደቁ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አይገባም። ቤቱ ይፈርሳል።»

«የማን ቤት?» አለች ላቀች ደንግጣ።

«የግጥሙ ነው፣ ልጄ። የነሱን ገና እያየሁት ነው።»

«መሪጌታ፣ ዘፈኑን አልሰማሁትም አላሉም?» አለ ክንዱ።

«አልሰማሁትም። የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ሲጮህበት ጆሮዬን የት ላኑረው?»

«እኔ ቤቱ ይፍረስ አይፍረስ አላውቅም» አለ ሞላ። «አንድ ጠዋት ነው።»

እመቤት ጠላውን እስካሁን አልነካችም።

«የትኛው ጠዋት እንደሆነ ንገራቸዋ» አለች።

ሞላ ከኋላው ያለውን ጋቢ በክርኑ ገፋ አደረገው።

«እኔ ልንገራቸው? አንድ በሬ ነው የነበረን። ከጎረቤት ጋር አቀናጅተን፣ ተራ እየጠበቅን ነው የምናርስ። ያ ጠዋት የኛ ተራ ነበር። ጎረቤታችን አበጀ በሬውን አምጥቶ ደጃፋችን አቆመልን። ቀሰቀስሁት፤ መጣሁ አለኝ። ደግሜ ቀሰቀስሁት፤ መጣሁ አለኝ። ፀሐይ ስትሞቅ አበጀ በሬውን ይዞ ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ የሚጠብቀው ሌላ አለ። ተራው ተመልሶ እስኪደርሰን ዝናቡ አለፈ። ዘግይቶ የተዘራውን ገብስ ውርጭ መታው። ያን ዓመት ነው ሠርግ ቤት መዝፈን የጀመርሁ፤ ገብስ ለመሸመት።» ድምፅዋን አላነሳችም። «አንድ ጠዋት ነው ይላል። ውሸት የለበትም። ለእኔ ግን ያ ጠዋት እስከ ዛሬ አልመሸም።»

ላቀች የጠላውን ማሰሮ ይዛ ቆማ ቀረች። ክንዱ የሚያየው ቢያጣ ስልኩን አየ፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው።

ሞላ ከኋላው ያለውን ጋቢ ጎትቶ እንደገና ለበሰው። ከዚያ እጁን ወደ ክንዱ ዘረጋ።

«አምጣው። ማንን ነው የማናግር?»

ክንዱ ደውሎ ሰጠው። የዚያን ቀኗ ልጅ ትሁን ሌላ አልታወቀም፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ስሙን ጠየቀችው፣ የዘፈኑን ርዕስ ጠየቀችው። «ጋቢው እስኪያልቅ» ብሎ በራሱ አፍ ሲናገር ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ለወይዘሮ እመቤት ይፈቅዳሉ?»

«ፈቅጃለሁ።»

«ለእሳቸው ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም?»

ሞላ አሰበ። «ለእሷ ነው። በሬውን ይዛ የጠበቀችው እሷ ናት፤ እሷ ትስደበኝ። ሌላው ምን ቤት ነው?»

«እንግዲያው ሌሎቹን እንከልክል?»

«ከልክሉ።»

«ዘፈኑ በስሜ እንዲዛወርስ?» አለች እመቤት ከወዲያ። ልጅቱ ሰምታ ኖሮ፣ ለዚያ ሁለቱም አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አለባቸው አለች። እመቤት እጇን አወናጨፈች። «ይቆይ በስሙ። ሠርጉ ይቅደም።»

እዚያው የላቀች ደጃፍ ላይ ቆማ ዘፈኑን ለከፍያለው ላከች። ወገዳ ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ስልኩን ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ጠላው ሳያልቅ የከፍያለው ድምፅ በመልእክት መጣ፤ ከኋላው ሰው ይስቃል። «ደርሶናል። አማቾቹ ወደውታል፤ አንደኛዋ እንደውም ለባሏ ድገሙለት ብላለች። የአስተርእዮ ማርያም ማግስት እንጠብቅሻለን። ሞንታርቦ አለን፣ አትሸከሚ።»

እመቤት መልእክቱን ሰምታ ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጠላውን አንስታ ጠጣች።

ሲመለሱ ሞላም አብሯቸው ተሳፈረ። ማንም ሳይጠይቀው «ሞፈሩን ላየው ነው» አለ። መሪጌታ ጋቢናውን ያዙ፤ እመቤትና ሞላ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ክንዱ ከኋላቸው ሆነ። መኪናው ከወገዳ እንደወጣ ሹፌሩ ፍላሹን ሰካ።

በሬው ቆሞ ነጋ።

ተሳፋሪው ግማሹ አብሮ ያዘው። ክንዱ ይህን ዘፈን የትኛውም ኢንተርኔት አቅራቢ እንደማያገኘው አወቀ፤ ፍላሹ መስመር የለውም። ምናልባት የጫነውም እሱ ራሱ ይሆናል።

ሞላ ተነሳና ወንበር እየያዘ ወደ ፊት ሄደ።

«ሹፌር፣ ይህን ዘፈን ማንን አስፈቅደህ ነው የምትከፍት?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየው። «አንተ ማን ነህና?»

መኪናው ውስጥ አንገቱን ያላዞረ አልነበረም። ሞላ የወንበሩን ብረት ጨበጠ።

«የጋቢው ሰውዬ ነኝ» አለ።

ሹፌሩ ወደ ጎን ዞሮ መሪጌታን አየ፤ መሪጌታ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። አላወቅሁም። ላጥፋው?»

«ኧረ ተወው፣ ጥሩ ነበር!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሞላ ወደ እመቤት ዞረ። እመቤት በመስኮቱ የታጨደውን የስንዴ ማሳ ታያለች።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው ሳትዞር። «ፈቃዱ ያንተ ነው።»

ሞላ ወደ ሹፌሩ ተመለሰ። «እስከ መካነ ኢየሱስ ይዘፈን» አለ። «ከዚያ ወዲያ አጥፋው።»

ተመልሶም ከእመቤት ጎን ተቀመጠ።