የኢያኢሮስ ልጅ እጅ

ባሌ ዮብስት እዚሁ ኑረምበርግ ከተማ ሥዕል በእንጨት ላይ ይቀርጻል፤ እኔ ቫልፑርጋ ቀለም ቀብቼ በወረቀት አትማለሁ። ትኩሳት የከተማውን ልጆች በያዘበት በዚያ መከር፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ጌታ የሞተችውን የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣ የሚያሳየውን ሥዕል ነበር።

አንድ ረፋድ ጎረቤታችን ኦቲሊያ ሻሽ እንኳ ሳታስር ገባች።

«ዮብስት፣ አንዱን ስጠኝ። ልጄን ዛቢናዬን ትኩሳቱ ይዟታል፤ ደረቷ ላይ ላድርግላት።»

«ወረቀት እኮ ነው ኦቲሊያ። ቄሱም ነግረውናል፤ ሥዕሉ ቃሉን ለማስታወስ ነው እንጂ አይፈውስም።»

«ቄሱ ልጅ ታሞባቸው ያውቃል? እናቴ ድሮ ለቅዱሳኑ ሻማ ታበራ ነበር። እሱንም አዲሱ ሃይማኖት ብላችሁ ከለከላችሁን። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልያት?»

ቀለሙ ገና ያልደረቀውን አንዱን ከማድረቂያው ገመድ አውርጄ እኔው ሰጠኋት።

ዛቢና እሑድን ሳታይ ዐረፈች። ገላዋን ስናጥብ ሥዕሉ ተገልብጦ ደረቷ ላይ ታትሞ አየሁት። በሳሙና ብንፈትገው አልለቅ አለ። እንዳለ ከፈንናት።

ከቀብር መልስ ኦቲሊያ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ዮብስት ሄደች።

«እየው፤ እጇን አልያዛትም።»

እውነቷን ነው። በጌታ እጅና በልጅቷ እጅ መካከል የገብስ ፍሬ የምታህል ነጭ ክፍተት አለች።

«ቀለሙ እንዳይጨማለቅ ብዬ ነው የተውኳት» አለ ዮብስት።

«ዛቢናዬ ስታየው ሰነበተች። ‹እማዬ፣ መቼ ነው የሚይዛት?› ትለኝ ነበር።»

ይህን ብላ ሄደች። ዮብስት ምሳውን ሳይቀምስ ቀረ። ተፍቆ የወጣ እንጨት አይመለስም፤ ስለዚህ ቦታውን ቦርቡሮ የእንጨት ውታፍ ከተተበትና ሁለቱን እጆች አያይዞ እንደገና ቀረጸ። አተምኩለት። አብረን ወሰድንላት።

ኦቲሊያ ደጅ ላይ የልጇን አንሶላ እያጠበች ነበር። ሥዕሉን ሳትቀበል ጎንበስ ብላ አየችው።

«አዎ፣ አሁን ያዛት» አለች። «ውሰደው በቃ። እጄ እርጥብ ነው፤ ያበላሸዋል።»

ዮብስት ወረቀቱን እንደ ዘረጋ ቆሞ ቀረ። እኔ የአንሶላውን ጫፍ ይዤ አብሬያት ጨመቅሁ።