የአክስቷ ልጅ ስም

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። የአክስቷን ልጅ ከመርፌ አያያዝ ጀምራ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ልጅቱ ራሷን ችላ ስፌት ቤት ስትከፍትም ከሁሉ ቀድማ የመረቀቻት እሷው ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ደወሉላት።

«የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ለአክስትሽ ልጅ ልሰጣት አስቤ ነበር። ለቃሏ እንዴት ናት?»

ዓይኗ ሥራ ፈትተው አቧራ በለበሱት የስፌት መኪናዎቿ ላይ አረፈ። «እንግዲህ ምን ልበልዎት...» አለችና በረጅሙ ተነፈሰች። ሌላ አልጨመረችም። ዳይሬክተሯ የገባቸው ገባቸው፤ ሥራው ለልብስ ሰፊዋ መጣ።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። «ቀጠሮ አታከብርም አሉ» እየተባለ የልጅቱ ደንበኞች አንድ በአንድ ጠፉ። ሱቋ ያው፣ እጇም ያው፤ የጠፋው ስሟ ነበር። ሠራተኛዋን አሰናበተች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቱ የሰፋችውን የሕፃን ኮት ይዛ መጣች። «እትዬ፣ አስተማሪዬ ነሽና እንዳታዝኚልኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የቱ ጋ ነው የማበላሸው? ሰው ሁሉ ሸሸኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን ገለበጠችው። ገበሩን፣ የእጅጌውን መጋጠሚያ፣ የቁልፍ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ባገኘሁና በተገላገልኩ ብላ አንዲት የተዛነፈች ስፌት ፈለገች፤ አጣች።

«እንከን አይወጣለትም» አለች በደከመ ድምፅ።

«ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ኮቱን ማጣጠፍ ያዘች።

እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ፤ በማለዳ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄደች። «ያኔ ሲጠይቁኝ ሥራውን ለራሴ ስለፈለግኩት ነው አፌን የያዝኩት። ልጅቱ ቀጠሮ አጉድላ አታውቅም» አለች።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ቀሪውን ዩኒፎርም ለእሷ እሰጣለሁ። ወሬውንም የዘራሁት እኔ ነኝና እኔው እለቅመዋለሁ። አንቺ ግን ሁለተኛ እኔ ፊት ለማንም እንዳትመሰክሪ።»

በሳምንቱ ልጅቱ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ሄደሽ ተሟገትሽልኝ አሉ! እናት ማለት አንቺ ነሽ!»

ለካ ዳይሬክተሯ ያኔ አፏን መያዟን ደብቀውላታል።

«ቆይ፣ አንድ ነገር...» ብላ ጀመረች። ልጅቱ ግን ጉንጯን እየሳመች፣ ሠራተኛዋን እንደመለሰች፣ ጨርቅ ገብቶላት ልትቆርጥ እንደሆነ ታወራለች። ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ በሄደችበት ሁሉ «የእኔ እህት ዘንድ ሂዱ፣ እምነት የሚጣልባት ናት» ትላለች። ደንበኛም በደንበኛ ላይ ይመጣል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ይዛ ትለካቸዋለች፤ ቀና ብላ ዓይናቸውን ማየት ግን አቃታት።