ቻናሉ ሲቀየር የሚታየው

ሰዒዳ አደራ በላ አይደለችም። ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው መንገድ ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰኞ ገበያ በሚሉት ቦታ ቅመም እየሸጠች ብቻዋን ትኖራለች። ምላሷ ትንሽ ሾል ቢልም እጇ ንጹሕ ነው። ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ ናት፤ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ትናገረው ነበር።

ጎረቤቷ እትዬ ኡሙሰልማ በረመዳን ዋዜማ ልጃቸው ሙና ወለደችና ሊያርሷት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሙና እዚያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ከእናቷ በቀር የሚያርሳት ሰው የላትም። ቤቱ ባዶ ሊቀር ሆነ። በቤቱ ውስጥ ሌባ የሚያስጎመጅ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ወንድ ልጃቸው ጁነይድ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌሩ፣ ያመጣላቸው ሰፊ ቴሌቪዥን። ጁነይድ ራሱ ተሸክሞ አመጣውና ሰዒዳ ቤት ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

«እትዬ ሰዒዳ፣ ይክፈቱት፣ ይዩበት» አላት። «ግን አደራዎን፣ አንድ ነገር ቆሞ እንዳይውልበት። ጥግ ላይ የሚቀመጥ የጣቢያ ምልክት፣ ከታች የሚሄድ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ሲቆይበት ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ ታትሞ ይቀራል። ሲወጡ ያጥፉት። ብርሃኑንም ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ አይንኩት።»

«አብሽር፣ እኔ እንደሁ ፊልም አላይ፣ ኳስ አላይ» አለችው።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ምክሩን ለፊልምና ለኳስ ተመልካች የተሰጠ አድርጋ ሰማችው። ጁነይድ ገና ኮረብታውን ሳይወርድ ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ቻናል ከፈተች። ካዕባ ቤቷ ገባ። ጥግ ላይ ክብ የወርቅ ቀለም ምልክት፣ ከታች ደግሞ የጣቢያው ስም የተጻፈበት ነጭ መስመር ነበረው፤ እሷ ግን ያንን ምኗም አላለችው።

ጠዋት ገበያ ስትወጣ ክፍቱን ትታው ትሄዳለች። ቁርኣን የሚቀራበት ቤት ሸይጧን አይገባበትም፤ እናቷም በቴፕ ዘመን እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ስትመለስ ደግሞ ማጥፋቱ ይከብዳታል። አንዴ ሪሞቱን አንስታ ቀዩን ቁልፍ ልትጫን አለችና ተወችው። «የአላህን ቤት በዚህ ጣቴ ድርግም ላርገው? አዑዙቢላህ!» ብላ ሪሞቱን ትራስ ሥር ከተተችው። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩ ሲመጡ የበሩ ብርሃን ምስሉን ቢያደበዝዝባቸው፣ ብርሃኑንም እስከ ጥጉ አስጨመረችው። «ማሻአላህ፣ የሰዒዳ ቤት እኮ መካ ሆነ» ይሏታል። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ ትንሽ ኮራችም። ቴሌቪዥኑ የሚያርፈው መብራት ሲሄድ ብቻ ነበር። ደሴ ላይ መብራት እንደልቡ የማይሄድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ሊሆን ነበር!

የሙና ሕፃን እየታመመ እትዬ ኡሙሰልማን ኮምቦልቻ አቆያቸው። ክረምቱ ሲገባ «ነገ እመጣለሁ» ብለው ደወሉ። ሰዒዳ ቴሌቪዥኑን ወልውላ ልታስረክብ ጨርቅ ይዛ ተነሣች። ሪሞቱን ስትጠርግ ጣቷ አንዱን ቁልፍ ነካውና ቻናሉ ተቀየረ። ነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዜና ያነባል። ከራሱ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ክብ ጥላ አለ። ደረቱ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጠይም መስመር ተጋድሟል።

ጠረገችው። ጨርቁን አርጥባ ጠረገችው። አልለቀቀም። ወደ መካ ስትመልሰው ጥላው ምልክቱ ሥር ገብቶ ጠፋ፤ ስትቀይረው ተመልሶ መጣ። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አደራ ተበላሸ፤ ያውም በእሷ እጅ።

ነጠላዋን ደርባ ሰኞ ገበያ ወረደች። ቴሌቪዥን የሚጠግነውን ሀፊዝን «የአንዲት ዘመዴ ነው» ብላ ጠየቀችው።

«ያ ቆሻሻ አይደለም፣ አይጠረግም» አላት። «አንድ ቦታ ላይ ሲያበራ የከረመው የስክሪኑ ክፍል ነው የደከመው። ስክሪኑን በሙሉ መለወጥ ካልሆነ መድኃኒት የለውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጠንቀቅ።» ከዚያ ሣቅ አለና «ያንኑ ቻናል ካልቀየረችው ግን ማንም አያይባትም» ሲል ጨመረ።

እሱ ቀለደ፤ እሷ ምክር አደረገችው። በማግስቱ ቴሌቪዥኑን እትዬ ኡሙሰልማ ቤት አሰቅላ፣ በገዛ እጇ መካን ከፍታ ጠበቀቻቸው። እትዬ ኡሙሰልማ የመንገዱን ጭቃ እንኳ ሳይጠርጉ መዳፋቸውን ለዱዓ ዘርግተው ቆሙ።

«ሰዒድዬ፣ አማናዬን እንዲህ አድርገሽ ጠበቅሽልኝ? አላህ አንቺን ይጠብቅሽ፤ ገመናሽን ይሸፍንልሽ።»

«አሚን» አለች ሰዒዳ። ወዲያው ሰበብ ፈልጋ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ መሸሽ ሆነ። እትዬ ኡሙሰልማ ሲጠሯት ራሷን ያማታል፤ በበራቸው ማለፍ ሲኖርባት ዞራ ትሄዳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷው ግን ማደርም አይጠብቅም፣ ቻናሉን የሚቀይር አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጁነይድ ከጅቡቲ በገባ ዕለት ምሳ ጠሯት። አደራ ለጠበቀች ጎረቤት የተሠራ ምሳ ነበርና እምቢ የሚባል አልነበረም። ገና እንደቆረሱ ጁነይድ «ኳስ አለ» ብሎ ሪሞቱን አነሣ። አረንጓዴው ሜዳ መጣ። ክቡ ጥላ ጥጉ ላይ፣ መስመሩ ከታች፤ ዓይነ ስውር ካልሆነ በቀር ሁሉም ያየዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ቆመ። ወደ ሰዒዳ ዞረ። «እትዬ ሰዒዳ፣ እርስዎ ዘንድ እያለ ነበረው?»

ሰዒዳ እጇን ከማዕዱ መለሰች።

«ከእሷ ንጹሑን ነው የተረከብኩት» አሉ እትዬ ኡሙሰልማ። «እኔ ነኝ ልጄ። ካዕባን ማጥፋት ከብዶኝ ክፍቱን ሳስውለው ከረምኩ።»

«ምን ብዬሽ ነበር እማዬ? ምን ብዬሽ ነበር? አንቺ እኮ ነገር አይገባሽም! በዚያ ሐሩር ነድቼ፣ መንገድ ላይ አድሬ ነው ያመጣሁልሽ!» ጮኸ። እንግዳ ፊት፣ ማዕድ ላይ፣ በእናቱ ላይ ጮኸ።

«እሺ ልጄ፣ አጠፋሁ» አሉ። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ሰዒዳም እንጀራውን እያየች ዝም አለች። ያቺ፣ ሰው ሲበደል ከገበያ ዳር ሆና የምትሳደበው ሰዒዳ፣ ዝም አለች።

ጁነይድ በሩን አላግቶ ወደ መኪናው ወጣ። ያኔ ነው ምላሷ የተፈታው።

«እትዬ ኡሙሰልማ… ያ ነገር የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። አፉ ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«የመጣሁ ዕለት ዜና ልሰማ ቀየርኩት፣ አየሁት።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ጁነይድ ቢቆጣኝ ልጄ ነው፤ ነገ ጉልበቴን ይስማል። ያንቺን ስም ይዞ ሰፈሩን ቢዞርስ? ከዚያ ወዲያ ማን ቁልፉን አንቺ ዘንድ ያስቀምጣል? አፉ ብዬሻለሁ። እኔ የሰተርኩትን አንቺ አትግለጪው።»

ሊቀልላት በተገባ ነበር። አልቀለላትም። ይባስ ብሎ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በቤቱ በገባች ቁጥር እትዬ ኡሙሰልማ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ሪሞቱን ቀስ ብለው አንስተው፣ የሚወዱትን ድራማ መሃል ላይ ቆርጠው ወደ መካ ይቀይሩታል። ጥላው እንዳይታያት ነው። እንዳታፍር። ሰዒዳን ውስጥ ውስጡን የበላት ይሄ ነው፤ ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። ሰፈሩም ቁልፉን እያመጣ እሷ ዘንድ ያስቀምጣል፤ «እንዳንቺ ያለ የት ይገኛል» ይላታል፤ ፊቷ በርበሬ ይመስላል።

ጁነይድ ዳግመኛ ሲመጣ መኪናውን ከበሯ ላይ ሆና አየችው። ሳይጠሯት ገባች። ኳስ ከፍተዋል፤ ክቡ ጥላ ጥጉ ላይ አለ። እትዬ ኡሙሰልማ እንደልማዳቸው እጃቸውን ወደ ሪሞቱ ላኩ።

«ይተዉት» አለች ሰዒዳ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። «ጁነይድ፣ ያበላሹት እናትህ አይደሉም። ምክርህን ለሌላ ሰው የተሰጠ አድርጌ ሰማሁት። እኔ ቤት ነው የተቃጠለው። አውቄ፣ ያንኑ ቻናል ከፍቼ፣ ጥላውን ሸሽጌ ነው ያስረከብኳቸው። አንተ ስትጮህባቸው እዚሁ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።»

ጁነይድ ተነሣ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ ሰዒዳም የሚመጣውን ልትቀበል አንገቷን ደፋች። ግን አልጮኸም። ወደ እናቱ ዞረ። እትዬ ኡሙሰልማ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፤ የተያዙት እሳቸው ይመስላሉ።

«እማዬ፣ ያን ቀን…» አለ። «እንደዚያ ስናገርሽ…»

ከእናቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ግን ወደ እሳቸው ማዞር አቃተው። ሦስቱም ስክሪኑን ያያሉ። ተጫዋቾቹ በጥላው ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። ሪሞቱ መሃላቸው ተቀምጧል፤ የሚያነሣው አልተገኘም።