ታደለ ትልቁን ማንካ መረጠ

ታደለ በጂንካ የታወቀ ለሳኝ ነበር። እጁ ጥሩ ነው፤ ችኮላው ግን ከእጁ ይቀድማል። ያን ሰሞን ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር ገጠመው፤ የጠጅ ነጋዴዋን የወይዘሮ ባዩሽን ልጅ፣ አይናለምን ወደደ። ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጦ ሳለ፣ ወይዘሮ ባዩሽ ሐሙስ ዕለት አስጠሩትና "እስቲ የእንግዳ ቤቴን ግድግዳ ለስንልኝ" አሉት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም። አማች ሊሆን የፈለገ ሰው ፈተና ሲመጣበት ያውቃል።

ጭቃ የሚለስንባት የራሱ ማንካ ትንሽ ናት። ስለዚህ የቀበሌውን አዳራሽ ወደለሰነው ወደ ኤርሳዶ ሄዶ ትልቁን ለመነው።

"ይሄ ለብሎኬት ነው" አለ ኤርሳዶ። "የሴትዮዋ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጉብታና ጎድጓዳ። ትልቅ ማንካ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ ያልፋል እንጂ ጭቃውን ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ አይጫነውም። በትንሹ ሥራ።"

"በትንሹማ እስከ ገናም አልጨርስ!"

"ታዲያ ሽማግሌውን አዘግየዋ።"

ታደለ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያስቸኮለው እሁድ ብቻ አልነበረም። አይናለም ደጅ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ያን እንደ ትሪ የሰፋ ማንካ ሲያወዛውዝ እንድታየው ፈልጎ ነው። በትንሽ ማንካ የሚሞነጫጭርን ወንድ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

አየችው። "ቀስ በል እንጂ ታዴ፣ ግድግዳው አያመልጥህም" አለችው። እሱ ግን እንደ ምስጋና ቆጠረው።

አርብ ላይ ግድግዳው ልስልስ ብሎ አማረ። ወይዘሮ ባዩሽ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው "ይበል" አሉ። ከሳቸው አፍ ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የታደለ አጎት አቶ ቦሼ ናቸው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ በወግ ግን የማይደራደሩ ሰው። ታደለ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከሙዝ ተክሉ ጀርባ ተሸሽጎ ያያል።

"ኧረ ተቀመጡ" አሉ ወይዘሮ ባዩሽ።

"አንቀመጥም። አይናለምን ለልጃችን ለታደለ ሰጥቻለሁ እስኪሉን እንቆማለን።"

ወግ ነው፤ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ወይዘሮ ባዩሽ ደግሞ ሰው አቁሞ መጠየቅ ነፍሳቸው ነው። ዘሩን ጠየቁ፣ ጠባዩን ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ ሃይማኖቱ ዞሩ።

"ጴንጤ ነው አሉ። አማቼ ጠጄን ላይቀምስልኝ ነው?"

"አይቀምስም፤ አይጨርስብዎትምም" አሉ አቶ ቦሼ።

ወይዘሮ ባዩሽ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሌላ ጥያቄ ቀጠሉ። በዚህ መሃል የአቶ ቦሼ ወገብ ከዳቸውና አዲሱን ግድግዳ ደገፍ አሉ። ታደለ "ኧረ አይሆንም!" ሊል አፉን ከፈተ፤ ግድግዳው ግን ቀደመው። ጎድጓዳው ላይ እንዲሁ ተጋድሞ የነበረው ልስን፣ የበር ያህል ሆኖ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ወረደ። አቶ ቦሼም አብረውት ቁልቁል ተንሸራተቱና፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ እግራቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

ታደለ አለቀልኝ አለ። በገዛ ጉራው አይናለምን ሊያጣት ነው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ ባዩሽ ሊቆጡ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ይህን ጊዜ አይናለም ከጓዳ ብቅ አለች። ወለሉ ላይ ያሉትን ሽማግሌ አየች፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ ያለ የሌለ ድምፅዋን አውጥታ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አሉ እናቷ።

"ተቀመጡ እኮ፣ እማዬ! ሽማግሌው ተቀመጡ!"

ጎረቤት እልልታውን ሰምቶ በእልልታ ተቀበለ። አቶ ቦሼም ከተዘረፈጡበት ሳይነሱ "ስለሰጡን እግዜር ይስጥልን" አሉ፤ ጭቃ በሞላው ጢማቸው።

ወይዘሮ ባዩሽ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ያፈኑት ሳቅ አሸነፋቸው።

"ይሁን፣ ሰጥቻለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አሁን ያ ከሙዝ ጀርባ የቆመው አማቼ ይግባና አጎቱን ያንሳ።"