አንዲት ትርፍ ፊርማ

«የመጀመሪያ ዓመት በዕድሜሽ አንዴ ነው የሚመጣው፣ አንዴ!» ትላት ነበር ሉጀይን ሱሃድን። ምክሯ መቼ ክፉ ሆነ!

ሱሃድ ከደቡብ፣ ከጠፊላ ገጠር ተነስታ ሰሜን ያለችው ኢርቢድ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። ከመንደሯ ሴቶች የመጀመሪያዋ። አባቷ ሐጅ ሙፍሊሕ አጎቶቿን ሁሉ ተጣልቶ ነው የላካት፤ ሲልካት ግን «በአንድ ትምህርት ብትወድቂ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ» ብሎ ነው። ሐጅ ሙፍሊሕ ደግሞ ያለውን አለ ማለት ነው፣ ማንም አያስቀይረውም።

ሉጀይን የዛርቃ ከተማ ልጅ፣ የማደሪያ ክፍሏ ተጋሪ ናት። ሐጅ ዓርብ ዓርብ ሲደውል ከልጁ ጋር አውርቶ ሲያበቃ «እስቲ ለሉጀይን ስጫት» ይላል። «ልጄን አደራ፣ የሆነ ነገር ከገጠማት ደውዪልኝ» ብሎ ቁጥሩንም ሰጥቷታል።

በሁለተኛው መንፈቅ ሱሃድ የቴአትር ክበብ ገባች። አዳራሹ የሚገኘው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ልምምዱ ሁለቱ አብረው ከሚማሩት የስታቲስቲክስ ክፍል ጋር ተጋጨ።

«አንቺ ሂጂ! የስም መቆጣጠሪያው ላይ እኔ እፈርምልሻለሁ» አለች ሉጀይን።

«ቢነቃብንስ?»

«ሰባ ሰው መሃል መቅረትሽን ማን ሊያይ! አንቺ ደግሞ ስትፈሪ! ለዚህ ነው እንዴ ኢርቢድ ድረስ የመጣሽው?»

ሄደች። አጎቶቿ ፊት ቀና ብላ የማታወራው ልጅ ነገረኛ አማት ሆና ስትጫወት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደስታዋን ምን ልበላችሁ! ስትመለስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «ፈረምሽልኝ?»

«እንዴታ የኔ ማር!»

የመጨረሻው ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ከሰባት ቀን በላይ የቀሩ ፈተና አይቀመጡም፣ ትምህርቱንም ይወድቃሉ። ሱሃድ፣ አሥራ አንድ ቀን።

ተሳስተው ነው ብላ ወደ አስተማሪው ሮጠች። ዶክተር ጋሊብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቶቹን አውጥቶ ዘረጋላት። «ፊርማሽን አሳዪኝና አሁኑኑ እሰርዝልሻለሁ» አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት ግን የሷን ስም መጀመሪያም አልያዘው። በስሟ ትይዩ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከስሟ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ግን ራኢድ የሚል ስም አለ፣ በወረቀቱ ራኢድ አንድም ቀን አልቀረም። ጅራቷ ወደ ላይ የተጠቀለለችው ፊርማ የማን እጅ እንደሆነች ሱሃድ አላጣችውም፤ ከዚያች እጅ ስንት ደብተር ገልብጣለች! ራኢድ ደግሞ እስከ ቀትር የሚተኛው የሉጀይን ወዳጅ ነው።

ስትመለስ ሉጀይን ሻርፗን ትተኩሳለች።

«ለራኢድ ነው የፈረምሽው።»

ካውያው ቆመ። «ዶክተሩ ሰው ይቆጥራል፣ ሱሃድ። አንድ ፊርማ ቢተርፍ ቆጠራ ተሳስቼ ነው ይላል፣ ሁለት ቢተርፍ ይነቃል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው። ራኢድ ደግሞ ዘንድሮ ካለፈ ነው ሽማግሌ የሚልከው።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግሪኝ? በነጋታው ክፍል እገባ ነበር እኮ! አንድ ቃል ነው የፈለግኩት!»

«እየሳቅሽ ስትገቢ ጨነቀኝ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...»

«በየቀኑ "እንዴታ የኔ ማር" እያልሽኝ?»

ሉጀይን አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗን ጠረገችና፣ አያችሁ ጉድ፣ «ራኢድን ግን አትናገሪበትም አይደል?» አለቻት።

ሱሃድ ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ወጣች። አባቷ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከራሷ አፍ ይስማው ብላ ነው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር...»

«ሰምቻለሁ» አለ ሐጅ ሙፍሊሕ። «ሉጀይን ጠዋት ዝርዝሩን እንዳየች ደወለችልኝ። እያለቀሰች፣ ምስኪን። ትምህርትሽን ያዢ፣ ቴአትሩ ይቅርብሽ ብዬ ለምኛት ነበር፣ አልሰማ አለችኝ አለች።»

«እሷ እኮ አባዬ...»

«እሷ ምን?»

እሷ ምን? በስሜ አጭበርብሪልኝ ብያት ሳታጭበረብርልኝ ቀረች ትበለው? ለአባቷ?

«ምንም» አለች።

«እንደዚያ ያለች ጨዋ ልጅ አጠገብሽ እያለች...» አለና ድምፁ ተቆረጠ። አጎቶቿን ሁሉ የተጣላው ሰውዬ ድምፅ ነው የተቆረጠው። «ሐሙስ እመጣለሁ። ዕቃሽን አዘጋጂ። ሉጀይንንም የትም እንዳትሄድ ንገሪያት፣ በአካል ላመሰግናት እፈልጋለሁ።»