ስድስተኛው ቀለህ

ወንድሜ ኤርቪን ዕቃ ሲገዛ ዓይኑ የሚያርፈው ብዙ ክንድና ብዙ ጎማ ያለው ነገር ላይ ነው። ጋሼ ዮስት ሱቅ በገባን ዕለትም ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ትልቁ የጥይት መሙያ ነበር፤ እጀታውን አንዴ ስትጫኑት አምስት ቀለህ፣ ማለት አምስት ባዶ የጥይት ቀፎ፣ አንድ ላይ የሚዞርበት፣ ሲሽከረከር የሚያምር።

"ይቺ ናት" አለ፣ ልክ ፈረስ እንደመረጠ።

ጋሼ ዮስት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ከዚህ በፊት ጥይት ሞልተህ ታውቃለህ?"

"እኔማ አልሞላም፤ እሷ ናት።" በአገጩ ጠቆመኝ።

"ሎቪና? ይቺ ለፍላፊ?"

"አባዬ ነው ያለው፣ ጋሼ" አልኩ። "የኔን ብርድ ልብስ ስፌት አይቶ። የኤርቪን ስፌት ላም የረገጠችው ነው የሚመስለው።"

ጋሼ ዮስት እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ዋጠና ነገሩን ጠየቀን። ነገሩ ይኸ ነው፦ አባዬን አምና የእርሻ ፈረስ ትከሻውን ሰብሮታል። በሱቅ ጥይት ሲተኩስ ጠመንጃው ያንን ትከሻ እየደቆሰው ያስለቅሰዋል፤ እሱ ጉንፋን ነው ይላል እንጂ። ባሩዷ ትንሽ የሆነች፣ የማትደቁስ ጥይት ካላገኘ አጋዘን አይገድልም፤ አጋዘን ካልገደለ ደግሞ ክረምቱን ድንች ብቻ ነን።

"እንግዲያው ይቺን ተዋት" አለው ኤርቪንን፣ ትልቁን መሣሪያ እየገፋ። "የሚፈጥን ዕቃ ስህተትም ያፈጥናል። ለጀማሪ አንድ እጀታ፣ አንድ ቀለህ። ዓይኗ እጇን እንዲከተል።"

ወፍራም፣ አስቀያሚ፣ አንድ ክንድ ብቻ ያላት ብረት አወጣልን። ሚዛንም ሁለት አመጣ። አንዱ ርካሹ ነው፤ ቁራጭ ወረቀት ሲጥልበት ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ያንኑ ወረቀት ሲጥል መርፌው ብድግ አለ። "ሚዛን ላይ አትሰስቱ" አለ። ቀጥሎ ውስጡ ባዶ የሆነ መዶሻ አስያዘኝ። የተሞላ ጥይት ውስጡ ከትተህ ስትመታ ጫፉ ላይ የተገጠመው እርሳስ ይነቀላል፣ ባሩዱም ይወጣል።

"ሳትጀምር ልታፈርስ ነው እንዴ?" አለ ኤርቪን።

"የማይሳሳት ሰው መዶሻ አያስፈልገውም። አንተ ትሳሳታለህ?"

ኤርቪን ጆሮው ቀላ። እኔ ደስ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ዮስት ቀለህ የሚቆምባቸው ባለ ቀዳዳ ጣውላዎች አወጣ። "ሁለት ውሰጂ፣ ልጄ። ባዶው ከዚህ፣ ባሩድ የገባበት ወደዚያ። መቼም እንዳይደባለቅብሽ።"

"ጣውላ!" አለ ኤርቪን። "እንደኔ ያለ የአናጢ ሠራተኛ ጣውላ ገዝቶ ቢመለስ መንደሩ ምን ይላል? እኔ እበሳላታለሁ።"

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ይኼን አልደብቅም፣ ሳቄ ነው በኋላ ያስለቀሰኝ። ኤርቪን አንዱን ጣውላ በሳልኝ። ሁለተኛው "ነገ፣ ነገ" እንደተባለ ቅዳሜ መጣ፤ አጋዘን ማደን የሚፈቀድበት ወቅት መክፈቻ ደግሞ ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ነበር። ባሩድ ባለበት ክፍል ፋኖስ አይበራም፤ ስለዚህ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በዚያች ብርሃን ሃያ ቀለህ ጣውላው ላይ አቆምኩ። እየመዘንኩ መሙላት ጀመርኩ። ስድስተኛውን እንደሞላሁ የእማዬ ደወል ጮኸ።

በኛ ቤት ደወል ከጮኸ ጮኸ ነው። ጋሪ እያስተካከልክም ይሁን ላም እያለብክ ትነሣለህ። አንድ ሰው ከጎደለ አባዬ አንገቱን ለጸሎት አይደፋም፤ አባዬ አንገቱን ካልደፋ ማንም ማንኪያ አይነካም፤ ሾርባው ሲበርድ ስድስት ዓይን አንተን ያያል። ስለዚህ እጄ ያገኘውን አንድ ቡናማ የሸሚዝ ቁልፍ ስድስተኛው ቀለህ አፍ ላይ ለምልክት ጣል አድርጌ ሮጥኩ።

ከምሳ ስመለስ ቀለሆቹ ላይ ምንም አልነበረም። አምስቱ የመጀመሪያው ረድፍ ናቸው፣ እነሱን አስታውሳለሁ። ስድስተኛው ላይ ቁልፍ የለም። "እንግዲያው አልሞላሁትም፣ አስቤው ብቻ ነው የሮጥኩት" አልኩ። ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁ፤ ጨለማ ነበር። ሞላሁት። እስከ ሃያ ቀጠልኩ፣ እርሳሱን ገጠምኩ፣ በሳጥን አድርጌ ለአባዬ ሰጠሁት። "ጎበዝ" አለኝ። አባዬ ይኼን ቃል በዓመት አንዴ ነው የሚያወጣው።

ሰኞ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። አባዬ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። እኔና እማዬ ጓሮ ልብስ እያሰጣን ነበር። ከየኮረብታው ተኩሱ ጧ ጧ ይላል፤ ግማሹ የእንግሊዞቹ ነው፤ እንግሊዝ የምንለው በፈረስና በፋኖስ ከምንኖረው ከኛ ምእመናን ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ ነው። የአባዬን ሰማያዊ ሸሚዝ ከቅርጫት አንሥቼ ሳራግፈው አንዱ ቁልፉ ቡናማ ነው።

"እማዬ፣ ይቺ ቁልፍ ከየት መጣች?"

"ካንቺው ጠረጴዛ ነዋ! ቅዳሜ እናንተ ለምሳ እጅ ስትታጠቡ መቀሴን ልወስድ ብገባ፣ አንዱ ብረትሽ ላይ ጉብ ብላለች። አባትሽ ቁልፍ አጥቶ ደረቱ ተከፍቶ ሲሄድ አንቺ መጫወቻ ታደርጊያታለሽ!"

ሸሚዙ ከእጄ ጭቃ ላይ ወደቀ። እማዬ ስትጮህ እሰማለሁ፣ ምን እንዳለች ግን አላውቅም። አንዱ ጥይት ውስጥ ሁለት እጥፍ ባሩድ አለ። ያ ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ይፈነዳል። ጠመንጃው ያለው አባዬ ጉንጭ ላይ ነው።

የኤርቪንን ትርፍ ብርቱካናማ ሰደርያ ከሚስማሩ ነጥቄ ሮጥኩ። ጥቁር ካፖርት ብቻ ለብሶ በመክፈቻ ቀን ጫካ የሚገባ ሰው አጋዘን ነው፣ ይተኮስበታል። በቆሎው ታጭዶ የቀረው ጉቶ ቀሚሴን ይይዝብኛል። አንድ ተኩስ ሰማሁ፤ እግሬ ቀጥ አለ። ራቅ ያለ ነው፣ የአባዬ አይደለም። ሮጥኩ። ሌላ ተኩስ። እያንዳንዱ ጧ ሲል አንድ ጊዜ አባት አልባ እሆናለሁ፣ ከዚያ እንደገና አባት አገኛለሁ። እኔ አፌ የማይዘጋው ልጅ ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ። "ስድስተኛው፣ ስድስተኛው" ብቻ ነበር የምለው።

ወንዙ ጋ ስደርስ አባዬ ከሚያደባበት ዛፍ አቅጣጫ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ባሩዷ ያነሰው የኔ ጥይት ድምፅ! ቀጥሎ ዝም። ምንም። ወፍ እንኳ የለም።

ውሃውን በጫማዬ ገባሁበት። ዳገቱን በእጄ እየቧጠጥኩ ስወጣ አየሁት። ዛፉ ሥር ቆሟል፣ ባርኔጣው ወድቋል፣ ጠመንጃውን ሁለተኛ ወደ ጉንጩ እያነሣ ነው። ከፊቱ የመጀመሪያው ጥይት የሳተው አንድ ትልቅ አጋዘን።

"አባዬ አትተኩስ! አባዬ! አትተኩስ!"

አጋዘኑ በአንድ ዝላይ ጠፋ። አባዬ ዞረ። እንደዚያ ዓይነት ፊቱን አይቼው አላውቅም።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? የክረምቱን ሥጋ..."

"ሁለት ጊዜ ሞልቼዋለሁ" አልኩ። "አንዱን። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

ጣቱን ከቃታው አነሣ። ከዚያ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያወርድ ሰው፣ ከጉንጩ አወረደው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ባርኔጣው ውስጥ ጨመራቸው፤ አምስት ነበሩ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጉንፋን ነው አላለም።

ቤት ገብተን ሁለታችን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። አሥራ ዘጠኝ ጥይት፣ አንድ መዶሻ። እኔ እመታለሁ፣ አባዬ ባሩዱን ሚዛኑ ላይ ያፈሳል። መርፌው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ከሳጥኑ አሥራ አራቱን ጨረስን፣ ምንም። ከባርኔጣው አንዱን መታሁ፣ ምንም። ሁለተኛውን መታሁ። አባዬ ሲያፈሰው መርፌው ተወርውሮ ጫፍ ነካና እዚያው ቀረ።

አባዬ ያንን ባሩድ ነጭ ወረቀት ላይ ለብቻው አፈሰሰው፣ ጎኑ ደግሞ የሌላውን። ትልቅ ክምርና ትንሽ ክምር። ረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰ።

የእማዬ ደወል ጮኸ። እግሬ ለምዶበት ብድግ አልኩ።

አባዬ እጅጌዬን ያዘ። "ተቀመጪ። ሦስት ይቀራል።"

ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ፤ በኛ ቤት ሁለት ጊዜ ተደውሎ አያውቅም። አባዬ ቀና እንኳ አላለም። እኔም ቀጣዩን ጥይት መዶሻው ውስጥ ከተትኩ።